ኢስት ፖይንት ላይ ጨረቃን ስንዞር

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ አጠገብ ፓይን ሌክ ውስጥ አንዲት ሴትዮ የቤቷን ዕቃ ሣሩ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁና የእህቴን ልጅ ሚሚን እዚያ ጋ ፓርክ አድርጊ አልኳት። ያርድ ሴል ካየሁ አላልፍም። ቤቴ በሰው አሮጌ ዕቃ ተሞልቶ መፈናፈኛ የለውም፣ ግን አላልፍም። ሚሚ ከስልኳ ቀና ሳትል "እትዬ፣ ላይክ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለሽ" አለችኝ። "አንቺ" ነው የምትለኝ፤ መታገሉን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ታዲያ ከሰሃኑና ከሻማ ማስቀመጫው መካከል አንድ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ አገኘሁ፤ ያ ትልቁ፣ ጥቁር ስፖንጅ ያለው። አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳይሆን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። የጋለ ፕላስቲክ፣ የፀጉር ቅባትና የድሮ ላብ አንድ ላይ ሸተተኝ፤ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚሚ ደንግጣ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ "ጨረቃን ስንዞር እንዲህ ነበር የሚሸተን" አልኳት። ልጅቱ ወዲያው እናቷ ጋ ደውላ እትዬ ስንዱን ፀሐይ ሳይመታት አይቀርም ብላ ነገረቻት። እንግዲህ እሷ መስማት ካልፈለገች ለእናንተ ላውራው።

ጊዜው ባቡሩ ገና ኢስት ፖይንት የደረሰበት ነው። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች፣ አንድ ሙሉ ዶሮ ጠብሰው በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡን ዋጋውን ሰምተን ተሳስተው ይሆን እያልን ቶሎ የምንወጣበት ዘመን። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያሰፋል፤ እኔ ራሴ በቀጭን አጥንቴ ላይ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ሐምራዊ ኮት ነበረኝ። ከክሊቭላንድ ጎዳና ማዕዘን ካለው የልባሽ ጨርቅ ቤት ገዝቼው፣ በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር አላወልቀውም ነበር። ወንዱ ደግሞ ፀጉሩን በቅባት ነክሮ ሶፋ ላይ ከተደገፈ እድፉ አይወጣም። ያገራችን ዘፈን በካሴት ነው የሚመጣው፤ ከካሴት ላይ ካሴት፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ካሴት እየተቀዳ እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። እሱንም ቢሆን እንባ እስኪመጣን እንሰማው ነበር። ዛሬ ሚሚ መኪና ውስጥ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ አንዱንም ግን እስከ መጨረሻው ስታዳምጠው አላየሁም።

እኔ አገር ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ካርቱም ከርሜ አትላንታ ስገባ የተቀበሉኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ በየነ ናቸው፤ በዚህ አገር አባትም እናትም የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። አንድ ቀን ጽዳት ሠራተኛ ይፈለጋል ወደተባለበት ቦታ ብደውል፣ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ጽዳቱን ተይውና ዝም ብለሽ አውሪ አለኝ። ሚስተር ዴል ይባላል። ወታደር የነበረ፣ ቀበቶው ከሆዱ ሥር ገብቶ የማይታይ፣ ሲናገር ቃሉን እንደ ማር የሚስበው የጆርጂያ ሰው ነው። የምንጣፍ መደብር የነበረ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የትምህርት ቤት ልጆች እየመጡ ጨረቃን ዞረው የሚመለሱበት ቦታ ከፍቷል። ከኮምፔንሳቶና ከቆርቆሮ የተሠራች መንኩራኩር አለችው፤ ስሟ ፒች ይባላል፣ ጆርጂያ ውስጥ በኮክ ስም ያልተጠራ ነገር የለምና። ውጪዋ ብር የመሰለ ቀለም ተቀብቷል፣ ውስጧን ለቄስ። ጨረቃዋ ደግሞ ከጀሶ የተሠራች፣ በልብስ ማጠቢያ ሞተር ከመስኮቱ ፊት ቀስ ብላ የምትሽከረከር ትልቅ ድቡልቡል ነገር ናት። እኛ ቆመን ጨረቃዋ ነበረች የምትዞረን፤ አንዳንዴ ሞተሩ ሲነክስ ሄጄ በእግሬ መታ አደርግላታለሁ።

እኔ ምድር ነበርኩ። ማለቴ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ፣ ያንን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ መንኩራኩሯን የማናግረው እኔ ነኝ። የዚያን ዘመን የጆርጂያ ልጆች ምድር እንግሊዝኛ ስትናገር እንደ ስንዱ ነው የምትናገረው ብለው ነው ያደጉት። ሥራው ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ነው። ጠፈር ሲባል ሰው እሳትና ጩኸት ይመስለዋል፤ ውሸት ነው፣ ጠፈር የቤት ሥራ ነው። ጠዋት ትቀሰቅሻቸዋለሽ፤ ባትሪው እንዴት አደረ ትያለሽ፤ የትንፋሹን አየር የሚያጣራውን ቆርቆሮ ቀይሩ ትያለሽ፤ ፀሐይ አንድ ጎን ብቻ እንዳታቃጥል መንኩራኩሯን ቀስ እያላችሁ አገላብጡ ትያለሽ፣ ልክ እንደ ጥብስ። የእኛዋ ፒች ከወለሉ ጋር በብሎን ስለታሰረች አትገላበጥም፤ በእሷ ፈንታ ሚስተር ዴል ራሱ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ የተሰካ ትልቅ መብራት ይዞ ዙሪያዋን ይገፋል። ፀሐይ ማለት እሱ ነው። ከዚያ ልጆቹ የጨረቃን ፊት ፎቶ ያነሳሉ። ወደ ጨረቃ ጀርባ ሲገቡ ሬዲዮ አይሠራም፤ ጨረቃዋ መሀል ትገባለችና። እኔም ድምፁን አጠፋና ሻዬን እጠጣለሁ። ብቅ ሲሉ "ፒች፣ አትላንታ ነኝ፣ እንዴት ናችሁ?" እላለሁ፤ ከልጆቹ ጋር የሚገባው ካፒቴን ባጭሩ ይመልሳል፤ እንደገና ዙር።

ካፒቴን የነበረው አሜሪካዊ ተማሪ ሥራውን ሲለቅ፣ ሚስተር ዴል ጠባብ ቦታ የማይፈራና ልጆች የማያበሳጩት ሰው ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ጌታነህን በቤተ ክርስቲያን ነበር የማውቀው። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ፣ እዚህ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍሮው የራስ ቁር አላስገባ ብሎ ቁሩን በጭኑ ላይ ይዞ ጨረቃን የዞረ ብቸኛ ሰው ነው። ሰማያዊ ቱታ ሲለብስ እንዴት እንደሚያምርበት ልነግራችሁ አልችልም። ለምን እሱን እንዳመጣሁ እንግዲህ አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ከጨረቃ ጀርባ ብቅ አለና እንዴት ናችሁ ስለው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት? ሚስተር ዴልስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ተራ የሚጠብቁት ልጆችስ እንዴት ናቸው? ሻዩ ደረሰልዎ?" ብሎ ቀጠለ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ሰላምታ ደግሞ አይቆረጥም፣ ነውር ነው፤ እኔም ጉልበቱም ደህና፣ ሻዩም ደህና እያልኩ መለስኩ። ስንጨርስ ፒች ተመልሳ ከጨረቃ ጀርባ ገባች። ባትሪ አልተጠየቀ፣ ፎቶ አልተነሳ፣ ቆርቆሮ አልተቀየረ። ሚስተር ዴል መብራቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ፀሐይ ራሷ ሥራ ፈታች። በኋላ ጠርቶ ከጨረቃ ስትወጣ ስለ ጉልበቴ አትጠይቅ ቢለው፣ ጌታነህ አንገቱን ደፍቶ ሰውዬው ተቀይመውኛል ብሎ ሲያዝን ሰነበተ።

በጠቅላላው የዚህ ሰው ነገር አንድ ነው፤ ምንም ይሁን ምን ደህና ነው። ማታ ከሥራ ስንወጣ አንዱ መስኮቱ በማይዘጋው ቡኒ ዳትሰኑ ቤቴ ያደርሰኛል፤ ዝናብ በዚያ መስኮት ገብቶ ሙሉ ጎኑን አርሶት እንዴት ነዎት ስለው ደህና ይለኛል። ሻንጣ እጁ ላይ ወድቆ ጣቱ አብጦ ሳለም ደህና ብሎኛል። አንድ ዓመት አለፈን፤ እርስዎና እርስዎ እንደተባባልን። ሲያየኝ እንዴት እንደሚያየኝ እያየሁ፣ ሲያደርሰኝ መንገዱን የሚያረዝመውን እያወቅኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱ ሆኜ ጎኑ ተቀምጫለሁ። ግን ምን ላድርግ? ሴት ልጅ አፍ አውጥታ ትናገራለች እንዴ? የዛሬዎቹ ይስቁብኛል። ሚሚማ መጀመሪያ የምትጽፈው እሷ ናት፣ ያውም ስሙን በቅጡ ሳታውቅ። እኛን ይሉኝታ አስሮን ነበር።

ታዲያ ትምህርት ቤት ሊዘጋ አካባቢ፣ ሚስተር ዴል ሳንድዊች እየበላ፣ እንደ ዘበት፣ ካፒቴኑ ሊሄድብን ነው አለኝ። ሲያትል ያለው ወንድሙ ጥሩ ሥራ አግኝቶለታል፣ ቲኬትም ልኮለታል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይበራል አለኝ። ማታ መኪናው ውስጥ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ስለ አየሩ አወራልኝ። የሚነግርልኝም ሰው የለ፣ የሚጠይቅልኝም የለ። ሄደ ማለት ሄደ ነው፤ ያኔ ሲያትል ማለት ለእኔ ከጨረቃ ጀርባ ነው፣ ደውለሽ እንኳ ደቂቃው ያስፈራሻል። እንዲቀር ፈልጌ ነበር። ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ሰዎች መጡ። ሚስተር ዴል መንኩራኩሯን በየትምህርት ቤቱ ሊያስገባት ተስፋ አድርጎ ነበርና፣ የአንድ ሙሉ ቀን መደበኛ ሥራዋን እንዲያዩ ጋበዛቸው። ሁለቱ ወረቀት ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። ሦስተኛዋ ሚስ ሃርየት የምትባል ወፈር ያለች፣ ዶቃዋን የምታሽ ደግ ሴት ከጌታነህ ጋር ገባች። ልክ ያን ዕለት የፒች ኤሲ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ ሞተ። የጆርጂያ ግንቦት በኮምፔንሳቶ ውስጥ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ላይ ሚስተር ዴል ሰዎቹን ላስደስት ብሎ ፀሐይዋን በጣም አቅርቧታል። ከመስታወቱ ወዲህ ያለነው ምንም አላወቅንም።

ፒች ከጨረቃ ጀርባ ብቅ ስትል እንዴት ናችሁ አልኩ። በእንግሊዝኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። ከኋላዬ አንደኛው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ ሰማሁ። እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። ስለ ሻዬ አልጠየቀኝም። የሚስተር ዴልን ጉልበት ተከልክሏል፣ ይሁን፤ ሻዬን ግን ዘሎ አያውቅም። ወደ አማርኛ ዞርኩ።

"አቶ ጌታነህ፣ እውነት ደህና ነዎት?"

"ደህና ነን። ሙቀት ቢጤ አለች እንጂ።"

ሰውየው ወደ ባትሪው እንለፍ አለኝ። እኔ አላለፍኩም። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "ደህና" የእግዚአብሔር ነው፣ ለምስጋና የሚባል። ሁለተኛው የጠያቂው ነው፣ እንዳይጨነቅ። የመላሹን የራሱን መልስ የሚያገኝ ሦስተኛ የጠየቀ ብቻ ነው።

"አቶ ጌታነህ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ምን ሆናችሁ?"

"ሴትዮዋ ተኝተዋል" አለ፤ "በፈቃዳቸው ግን አይመስለኝም።"

በሩን ክፈቱ ብዬ ጮህኩ። ወረቀት የያዘው ሰውዬ፣ ካፒቴኑ ደህና ነን ብሏል እኮ ይለኛል። ሚስተር ዴል ደግሞ፣ ነፍሱን ይማርና ሥራውን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር፣ መብራቱን እንደያዘ "ምህዋር ላይ ናቸው እኮ፣ በር አይከፈትም" አለ። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማና ፀሐይዋን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። ጌታነህ ሚስ ሃርየትን በጠባቧ በር በእግሯ በኩል ገፋ ገፋ አድርጎ አወጣት፤ በእያንዳንዱ ግፊት ይቅርታ እየጠየቀ። ምንጣፉ ላይ አስተኝተን የቀዘቀዘ የለስላሳ ጣሳ ግንባሯ ላይ አደረግንላት። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችው አረፍን ወይ ብላ ነው። የሦስቱን ጥያቄ ነገር ስነግራት እየሳቀች፣ እናቷ ደቡብ ጆርጂያ ገጠር ጣቷ በር ውስጥ ተቆልፎ ደህና ነኝ ትል እንደነበር አወራችን። የትምህርት ሰዎቹም የፒች ኤሲ ሲጠገን እንመለሳለን ብለውን ተለያየን። ያው ተመልሰውም አያውቁ።

እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ጌታነህ የኋላ በር ደረጃ ላይ እርጥብ ፎጣ አናቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ አፍሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝቷል። ሚስተር ዴልና ሚስ ሃርየት ጥላው ሥር ቆመው ውሃ ይጠጣሉ፤ አማርኛ አይሰሙምና እንደሌሉ ቆጠርኳቸው። አጠገቡ ቆሜ ሲያትል መሄድዎ ደስ ብሎዎታል ወይ አልኩት። ማን እንደነገረኝ እንኳ አልጠየቀም። ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እኔም፣ ከልብዎ ነው ወይ አልኩት። ወንድሜም በጣም ደስ ብሎታል አለኝ። ሦስተኛውን መጠየቅ አቃተኝ። ሴት ልጅ ሦስተኛ ከጠየቀች እኮ ተናገረች ማለት ነው። ግን ቅዳሜ ሊመጣ ነው።

"መሄድ ይፈልጋሉ?" አልኩት።

ፎጣውን ከራሱ ላይ አወረደ። "አልፈልግም" አለ። "የምልከው ሽማግሌ የለኝም እንጂ። አጎትዎ ያልተጣሉትን ሰው ስፈልግ ዓመት አለፈኝ።"

ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ ያሰረው ይኸው ነው። እውነቱን ነበር ደግሞ። ጋሼ በየነ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የት ይከራይ በሚለው ነገር ከሊቀመንበሩ ተጣልተዋል፣ ከጸሐፊው ተጣልተዋል፣ ሊያስታርቁ የመጡትንም ሽማግሌዎች ጨምረው ተጣልተዋል። አትላንታ ውስጥ ያለ ጢሙ የሸበተ ሐበሻ በሙሉ በራቸውን አይረግጥም። ጨዋ ሰው ደግሞ ሚስት ራሱ ሄዶ አይጠይቅም፤ ከሚያደርገው ሲያትል ይሄዳል። ሳቄም መጣ፣ ልቅሶዬም መጣ፣ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ሚስተር ዴል ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀን፤ ሲነገረው ፂሙን አሻሸና፣ እኔ ሰውየውን በመልክም አላውቃቸው፣ አልተጣላንም፣ እኔ ልሂድ አለ። ሚስ ሃርየትም ይህ ልጅ ነፍሴን አድኗልና እኔም አለሁበት አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ጋሼ በየነ ቤት መጡ። ጌታነህ እንደ ደንቡ አልገባም፤ ታች ፓርኪንጉ ላይ ዳትሰኑ ውስጥ ተቀመጠ። ሚስተር ዴልን እንደ በረራ ሥርዓት አስጠንቶታል፦ ስትገባ ጎንበስ በል፣ የሚቀርብልህን አትቅመስ፣ ከሁሉም በላይ እሺ ሳይባል እንዳትቀመጥ። ሙሽራ ጓዳ ትሆናለች እንጂ አትታይም፤ እኔም ወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። ጋሼ በየነ እንግሊዝኛ ከእኔ አብልጠው ያውቃሉ፤ ግን ሽምግልና በባዕድ ቋንቋ አልሰማም ብለው ድርቅ አሉ። የሚያስተረጉም ሌላ ማን አለ? በመጋረጃው ውስጥ ሆኜ የራሴን ጉዳይ ማስተርጎም ጀመርኩ።

ጋሼ በየነ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከመነጽራቸው በላይ ሁለቱን ፈረንጆች አይተው፣ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ሲሉ ሰማሁ፤ ያንን አላስተረጎምኩም። ሚስተር ዴል ከረባት አስሯል፣ አንገቱ ቀልቷል። ይህ ሰው በጆርጂያ ምድር እንደሱ ጨረቃን የዞረ የለም ብሎ ጀመረ። እንዳለ አስተረጎምኩት። ጋሼ "ምን ጠፍቶበት ነው የሚዞራት?" አሉ። ሚስተር ዴል ምን አሉ ሲለኝ ስለ ሥራው እየጠየቁ ነው አልኩት። የማን ልጅ ነው አሉ ቀጥለው። ይሄን ጌታነህ ማስጠናት ረስቶታል። ሚስተር ዴል ከረባቱን ላላ አድርጎ፣ አባቱን አላውቅም፣ እናቱ ግን በጣም ደግ ሴት መሆን አለባት፣ ከልጁ ያስታውቃል አለ። ይሄን ሳስተረጉም ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። ጋሼም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጥሩ ሆነ ብዬ ነበር። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ በመጀመሪያ ቀን ሴት ልጅ አትሰጥም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንመክርበታለን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ፤ ከዚያም ሌላ ቀን እንቀጥራለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ። ለሐበሻ ሽማግሌ ይሄ የምሥራች ነው፣ እጅ ነስቶ ይወጣል። ለእኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሚስተር ዴል ወደ መጋረጃው ዞሮ ትርጉሙን ይጠብቃል። አላስተረጎምኩለትም። እኔ ጋሼ በየነን በሕይወቴ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም፤ ሱዳን ድንበር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ያን ያህል አላስፈራኝም። መጋረጃውን ገለጥኩና ወጣሁ። ሐምራዊ ኮቴን እንደለበስኩ።

"ጋሼ" አልኩ፤ "ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሰውየው ሲያትል ነው። እኔም ሲያትል ነኝ።"

ቢመቱኝም መልካም፣ ቢረግሙኝ ግን አልችለውም ብዬ ቆምኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ያን ያህል ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ያን ያህል ነው፣ ጋሼ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ጠረግ ያደረጉ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ በእጃቸው ሶፋውን እያሳዩ፣ "ቁጭ በሉ" አሉ። ሚስ ሃርየት መውደቅን አንድ ጊዜ አይታዋለችና ትርጉም ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ሚስተር ዴል ግን ንቅንቅ የለም፤ አትቀመጥ የተባለውን አጥብቆ ይዟል። እሺ ማለታቸው ነው ወይ አለኝ፤ ነው አልኩት። እርግጠኛ ነሽ አለኝ፤ ነኝ አልኩት። ሄዶ መስኮቱን ከፈተና ወደ ፓርኪንጉ አውራ ጣቱን አነሳ፤ ተመልሶ መጥቶ ሶፋው እስኪንቃቃ ተቀመጠ። ወዲያው የዳትሰኑ ክላክስ ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆመም፤ የአፓርትመንቱ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጣ።

"ደግሞ ይሄ ማነው የሚያብደው?" አሉ ጋሼ በየነ ተቆጥተው።

"አማችዎ ነው" አልኳቸው።